«እረኛ ምን አለ?» ብሎ የሚጠይቀው ማን ነበር?

ሰሞኑን አንድ ቲክቶከር ላይቭ ገብቶ «ተናግሬ ነበር! እረኛ ምን አለ ማለት ይሄ ነው!» ሲል ሰማሁት። ተመልካቹም በልብ ምልክት አጥለቀለቀው። አባባሉ እንዲህ የትንቢት ማረጋገጫ ሆኖ መቅረቱ ያናድደኛል።

ጥያቄው እኮ የንጉሥ ነው። ነገሥታት የሕዝቡን ሆድ ለማወቅ «እረኛ ምን አለ? አዝማሪስ?» እያሉ ያስጠይቁ ነበር ይባላል።

ለምን እረኛ? የኔ እምነት እንዲህ ነው። ማታ ልጁ ምድጃ ዳር ኩርምት ብሎ የተኛ ይመስላል። እናትና አባት ስለ ግብሩ፣ ስለ ጭቃ ሹሙ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ያወራሉ። ልጁ አንድም አያመልጠውም። ጠዋት ከብቱን ነድቶ ይወጣል፤ ቤት ውስጥ የታፈነው ነገር ሜዳ ላይ ዜማ ይሆናል። ንጉሡ የሚጠይቅለት የእረኛው ቃል የተወለደው እዚያ ምድጃ ዳር ነው ባይ ነኝ።

እኔም ከብት ሳግድ ነው ያደግኩት። አንድ ክረምት የወል ግጦሻችንን አንድ ሹም አረሰው። አዋቂዎቹ ጭጭ አሉ። ከኛ መሃል አንዱ ግን አወጣው፦

ሜዳው ጤፍ ሆነና ላሜ ጾም አደረች፣
እስቲ ጠይቁልኝ፣ ምን በድላቸው ነች?

ከማዶ ተረተር ያሉት እረኞች ተቀበሉት። አንዱ በዋሽንት፣ ሌላው በጅራፍ አጀበው። ከነሱ ወዲያ ያሉትም ቃል ቀይረው አሳለፉት። ከብት ሳይገባ አገሩ ሁሉ ያዜመው ነበር። ማን ጀመረው ቢባል ማን ይመልሳል? እረኛን ያኖረው ይሄ ነው።

ዛሬ ግን ስም አለ፣ ፎቶ አለ፣ ስክሪንሾት አለ። ሚያዝያ 2006 የታሰሩት፣ በኢንተርኔት መንግሥትን ይተቹ የነበሩት የዞን 9 ጦማሪዎች የሚጽፉት በገዛ ስማቸው ነበር። በ2012 የወጣው የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ አዋጅም ሐሰተኛ መረጃው ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው ገጽ ከተሰራጨ ቅጣቱን ያከብዳል። እረኛው ስንት ሰው እንደሰማው ማንም ቆጥሮበት አያውቅም።

የሚከፋኝ ሹሞቻችን አባባሉን ሲጠሩት ነው። በስብሰባ ላይ «እረኛ ምን አለ ብለን እናዳምጣለን» ይላሉ፤ ገጻቸው ላይ ኮሜንት ተዘግቷል። እባካችሁ፣ መጀመሪያ ኮሜንቱን ክፈቱት። ስድቡን እለፉትና ስለ ውኃው፣ ስለ ማዳበሪያው፣ ስለ ታሰረው ልጅ የተጻፈውን አንብቡ። ቲክቶከሩም ለትንቢቱ ሌላ ስም ይፈልግለት።