በአዲስ ድሬድ ላይ «መያዝ» ማለት ምንድን ነው?

ባሕር ዳር ውስጥ አንድ ሰው አዲስ ድሬድ አሠርቶ ብቅ ሲል፣ ከእሱ ቀድሞ ድሬድ ያሳደገ ጓደኛው «ያዘልህ?» ብሎ ይጠይቀዋል። ጥያቄው ስለ ማማሩ ወይም ስለ ርዝመቱ አይደለም። መያዝ ማለት በጣት ወይም በኪሮሽ ተጠምዝዞ የተጀመረው ፀጉር ውስጥ ውስጡን ተጠላልፎ፣ ቢታጠብም ሆነ ቢተኛበት ወደ ልቅ ፀጉርነት የማይመለስበት ደረጃ ላይ መድረሱ ነው። እንግዲህ ከፀጉር ቤት ቀጥ ብሎ የሚወጣው አዲስ ድሬድ ቅርጽ የተሰጠው ጥምዝ እንጂ ገና ድሬድ አይደለም። ይህን ያልተረዳ ጀማሪ ድካሙን ሁሉ ጥምዙ እንዳይበላሽ በመጠበቅ ላይ ያውለዋል፤ ራሱን ሳይታጠብ ይከርማል፣ የላላውን በየሁለት ቀኑ መልሶ ይጠመዝዛል፣ የቆመውን ፀጉር በቅባት ያስተኛል፤ በዚህም ፀጉሩ እንዳይይዝ የሚያደርገው እሱ ራሱ ይሆናል።

ፀጉር እንዴት ይይዛል? አንዲት ዘለላ ፀጉር በማጉያ መሣሪያ ብትታይ ላይዋ ልሙጥ አይደለም፤ የሣር ቤት ክዳን እየተደራረበ እንደሚወርድ ሁሉ፣ ከሥሯ ወደ ጫፏ በተደራረቡ ጥቃቅን ቅርፊቶች ተሸፍናለች። ዘለላዎቹ ሲተሻሹ እነዚህ ቅርፊቶች ይነካከሳሉ። በዚያ ላይ የጤናማ ሰው ራስ በቀን ከ50 እስከ 100 ዘለላ ፀጉር ይለቃል። የሚያበጥር ሰው ይህን በማበጠሪያው ጥርስ መካከል ያገኘዋል፤ ድሬድ ያሠራ ሰው ፀጉር ግን መውጫ ስለሌለው እዚያው ቀርቶ በማደግ ላይ ካለው ጋር ይጠላለፋል። ከርዳዳ ፀጉር በተፈጥሮው የተጠቀለለ ስለሆነ ቶሎ ይይዛል፣ ዞማ ግን ይዘገያል።

ይህ ያለ ባለሙያ እጅ ጭምር የሚሆን ነገር መሆኑን ለማወቅ እኛ ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። በጣና ደሴቶችና በዘጌ ገዳማት አካባቢ ፀጉራቸውን ሳይቆርጡና ሳያበጥሩ የሚኖሩ ባሕታውያንን ያየ ሰው፣ ጊዜና አለመነካካት ብቻ ፀጉርን ምን እንደሚያደርገው አይቷል። በኦሪት ዘኍልቍ ምዕራፍ 6 ለእግዚአብሔር የተለየ ናዝራዊ በራሱ ላይ ምላጭ እንዳያሳርፍ የተጻፈውን ቃል፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1923 ዓ.ም. ዘውድ ከደፉ በኋላ በጃማይካ የተነሡት ራስ ተፈሪያውያንም ለፀጉራቸው መሠረት አድርገው ይጠቅሱታል። ዛሬ ድሬድ የሚያሠራ ሁሉ ከዚህ እምነት የተነሣ ነው ለማለት አይደለም፤ ፀጉር ቤት ሳይኖርም ፀጉር ራሱን መያዝ እንደሚችል ለማስታወስ ነው።

ሙሉ በሙሉ እስኪይዝ ድረስ እንደ ፀጉሩ ዓይነት ከ12 እስከ 18 ወር ሊወስድ ይችላል። በመጀመሪያዎቹ ወራት አንዱን ድሬድ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል አድርጎ ከሥር ወደ ጫፍ ቀስ ብሎ ቢያሹት፣ መሐሉ አካባቢ የምስር ፍሬ የምታህል ጠንከር ያለች ነገር ትገኛለች። ቋጠሮው የሚጀምረው ከዚያች ነው፤ ወደ ላይና ወደ ታች እየሰፋ ይሄዳል። በዚሁ ጊዜ ድሬዱ ያብጣል፣ እንደ ማጠር ይላል፣ ዙሪያውም በተበታተነ ፀጉር ይሞላል። ብዙ ሰው «ተበላሸብኝ» ብሎ የሚፈታው እዚህ ላይ ነው፤ እኔን ከሁሉ የሚያሳዝነኝም ይህ ነው፤ ምክንያቱም መበላሸት የመሰለው ነገር የመያዙ ምልክት ነው።

አሁን ወደ ቅባቱ ልምጣ፤ በእኛ አካባቢ ትልቁ ስሕተት የሚሠራው በዚህ ነውና። እኔ ድሬድ ባሠራሁ በሦስተኛው ሳምንት እናቴ ራሴን ዳስሳ «ምነው ልጄ፣ እንዲህ ደረቀብህ? ና ቁጭ በል፣ ቅቤ ላድርግልህ» አለችኝ፤ ፍቅሯን መግፋት አልቻልሁም። ለጋ ቅቤ ለልቅ ፀጉርና ለሹሩባ የቆየ እንክብካቤ ነው፤ ዘለላዎቹን ያለሰልሳል። አዲስ ድሬድ የሚፈልገው ግን ዘለላዎቹ እንዲተሻሹ እንጂ እንዲንሸራተቱ አይደለም። በማግስቱ ግማሹ ጥምዝ ተፈታ፤ በሳምንቱ ደግሞ የቀረው የኮመጠጠ ሽታ ያዘ፤ ወደ ውስጥ የገባን ቅባት ማበጠሪያ አይደርስበትም፣ በአንድ ሻምፑም አይወጣም። ሰም ከቅቤ ይብሳል፤ በውሃ ስለማይሟሟ ከገባ በኋላ አቧራውንና እርጥበቱን ይዞ ይቀመጣል። የራስ ቆዳ ከደረቀ ጥቂት ጠብታ ቀላል ዘይት በጣት ጫፍ ቆዳው ላይ ብቻ መንካት ይበቃል። የተቀቀለ ተልባ ውሃም ሥር ሲሠራ ፀጉሩን ለመያዝ ይረዳል፤ ከበዛ ግን ደርቆ ነጭ ቅርፊት ይሆንና ፎረፎር ይመስላል።

ድሬድ አይታጠብም የሚባለው እውነት አይደለም። ንጹሕ ፀጉር ከወዛም ፀጉር የበለጠ ይያያዛል። የመጀመሪያውን እጥበት ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ማዘግየት ተገቢ ነው፤ ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ ወይም በየሁለት ሳምንቱ መታጠብ ይቻላል። ሻምፑው በውሃ ቀጥኖ የራስ ቆዳ ላይ ይደረግና በጣት ለስለስ ተደርጎ ይታሻል፤ አረፋው ሲወርድ ድሬዶቹን ያጥባቸዋል፤ ድሬዱን ራሱን እንደ ልብስ ማሸት ግን ይፈታዋል። የሚያለሰልስ ኮንዲሽነር በመጀመሪያዎቹ ወራት ባይደረግ ይመረጣል። በጣና ውሃ መታጠብንም አልመክርም፤ ግልገል ዓባይን፣ ጉማራንና ርብን የመሳሰሉ ወንዞች በክረምት ደለል ይዘው ስለሚገቡ ደቃቁ አፈር ድሬዱ ውስጥ ይቀራል፤ ሐይቁ ላይ የቢልሃርዚያ ስጋት መኖሩም መዘንጋት የለበትም።

ከማጠቡ ይልቅ የሚከብደው ማድረቁ ነው፤ በተለይ ከሰኔ እስከ መስከረም፣ ሰማዩ ሳይገለጥ በሚውልባቸው ቀናት። የድሬድ ላዩ ደርቆ ሲነካ ውስጡ ገና እርጥብ ሊሆን ይችላል፤ ሁልጊዜ እርጥብ የሚሆን ድሬድ ውስጡ ሻግቶ እርጥብ ጆንያ እርጥብ ጆንያ ይሸታል፤ ይህ ሽታ አንዴ ከገባ ማስወጣቱ አስቸጋሪ ነው። ስለዚህ በክረምት ጠዋት ታጥቦ፣ እያንዳንዱን ድሬድ በአሮጌ ቲሸርት ጨምቆ፣ ፀሐይ ካልወጣች በፀጉር ቤት ማድረቂያ ካስክ ውስጥ በመጠነኛ ሙቀት መቀመጥ ያስፈልጋል። ማታ ታጥቦ መተኛት፣ ወይም እርጥቡን ጠቅልሎ ኮፍያ ማድረግ በዚህ ከተማ እርጥበት ፈጽሞ አይሆንም።

ሌሊቱም የራሱ ጣጣ አለው። ጋቢ ተከናንቦ የሚተኛ ሰው ጠዋት በመስታወት ቢያይ በድሬዱ ላይ ነጫጭ የጥጥ ብናኝ ያገኛል፤ የመጀመሪያ ቀን በጣት ይለቀማል፣ በወሩ ግን ከፀጉሩ ጋር ተቋጥሮ የድሬዱ አካል ይሆናል። ራስን በሳቲን ሻሽ አስሮ መተኛት ይህን ይከላከላል።

የቀረው ሥር ማሠራት ነው። ፀጉር በወር አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ያድጋል፤ አዲስ የወጣው ሥር ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ባለው ጊዜ አንዴ ቢጠመዘዝ ይበቃዋል። ከዚህ በላይ ማብዛትና አጥብቆ ማስጠምዘዝ ሥሩን ያሳሳዋል፤ ግንባርና ጆሮ ግንድ አካባቢ ከሚሳሳው ፀጉር ላይ ችግሩ ቀድሞ ይታያል፤ ጉተታው ከቀጠለ ደግሞ ፀጉሩ ላይመለስ ይችላል። ተሠርቶ ሲያበቃ ራስ ምታት የሚያመጣ ወይም ቆዳው ላይ ጥቃቅን ብጉር የሚያወጣ አሠራር የባለሙያ ጥራት ምልክት ተደርጎ መወሰድ የለበትም፤ እንዲያላላ መንገር መብት ነው። አጠገብ ለአጠገብ ያሉ ድሬዶች ሥራቸው እንዳይጣበቅ ከታጠቡ በኋላ ገና እርጥብ ሳሉ አንድ በአንድ በእጅ ማለያየት ያስፈልጋል።

ዓመቱ አልፎ የምስር ፍሬ ያህል የነበረችው ቋጠሮ እስከ ጫፍ ስትደርስ፣ ድሬዱ ውሃ ሲነካው አይላላም፣ ሲጨመቅም ወጥ ሆኖ ይሰማል፤ ያን ጊዜ ይዟል ይባላል። ከራስ ቆዳው አጠገብ ያለችው የአንድ ወር ዕድገት ግን ሁልጊዜ ልቅ ናት፤ አሥር ዓመት የቆየ ድሬድም ቢሆን ሥሩ ላይ ገና አዲስ ነው።