የምስጋና ቀን ማግስት የተርኪ ሾርባ

የተርኪ ሾርባ ከአሜሪካ የምስጋና ቀን (ታንክስጊቪንግ) ማዕድ ከተረፈው ተርኪ (ከዶሮ የሚበልጥ ትልቅ የቤት ወፍ) አጥንትና ሥጋ፣ ከበዓሉ ማግስት እስከ እሑድ ባሉት ቀናት በየቤቱ የሚሠራ ምግብ ነው። ወጥ የሆነ የአሠራር ደንብ የለውም። መሠረቱ ግን የትም አንድ ነው፤ ሥጋው ተላጦ ያለቀ አጽም በብዙ ውኃ ተቀቅሎ መረቅ ይወጣዋል፣ መረቁ ተጠልሎ አትክልትና አንድ ዓይነት እህል ይበስልበታል፣ በመጨረሻም የተረፈው ሥጋ ይገባበታል። ከበዓሉ ሰፊ ገበታ በኋላ የሚቀርብ ትኩስ፣ ለስላሳና ለሆድ የማይከብድ ምግብ በመሆኑ፣ ከዋናው ጥብስ ይልቅ ይህን ሾርባ የሚናፍቁ ቤተሰቦች ጥቂት አይደሉም።

የምስጋና ቀን በኖቬምበር ወር አራተኛ ሐሙስ ይከበራል። ፕሬዚዳንት አብርሃም ሊንከን እ.ኤ.አ. በ1863፣ የእርስ በርስ ጦርነቱ ሳያበቃ፣ የወሩ የመጨረሻ ሐሙስ የምስጋና ቀን እንዲሆን አወጁ፤ ጸሐፊዋና የመጽሔት አዘጋጇ ሣራ ጆሴፋ ሄል ለዚህ ዓላማ ለረጅም ዓመታት ሲወተውቱ ኖረው ነበር። ፍራንክሊን ሩዝቬልት በ1939 ቀኑን በአንድ ሳምንት አስቀድመው ውዝግብ ካስነሡ በኋላ፣ ኮንግረሱ በ1941 አራተኛውን ሐሙስ በሕግ አጸና። በዓሉ ሐሙስ ላይ መዋሉ ለሾርባው ከሚታሰበው በላይ ጠቅሞታል። ብዙ መሥሪያ ቤቶችና ትምህርት ቤቶች ዓርብንም ስለሚዘጉ የዕረፍቱ ጊዜ አራት ቀን ይሆናል፤ አጥንት ደግሞ ጣዕሙንና ጭማቂውን የሚሰጠው ሰዓታት ሲሰጡት ብቻ ነው። በሥራ ቀን ሦስት ሰዓት ድስት አጠገብ የሚቆይ ሰው ማግኘት ይከብዳል፤ በዚያ ዓርብ ግን ብዙ ሰው ቤቱ ነው።

ሾርባው ልማድ የሆነበት ሁለተኛው ምክንያት የተርኪው ግዝፈት ነው። የሜክሲኮ ጥንታውያን ነዋሪዎች ያላመዱት፣ በ16ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ስፔናውያን ወደ አውሮፓ የወሰዱት ይህ እንስሳ፣ ዛሬ በገበያ የሚቀርበው ዝርያው ደረተ ሰፊ ሆኖ የተራባ ነው። ለአንድ ሰው ግማሽ ኪሎ ያህል አጥንቱን የያዘ ጥሬ ሥጋ ይበቃል ተብሎ ቢመከርም፣ ሸማቹ አውቆ ከዚያ አብልጦ ይገዛል፤ ለማግስት መትረፉ የበዓሉ አካል ሆኗልና። የአገሪቱ የተርኪ አርቢዎች ፌዴሬሽን ለዚህ አንድ በዓል ወደ 46 ሚሊዮን ተርኪ እንደሚበላ ይገምታል። በመሆኑም በዚያው ሌሊት በሚሊዮን በሚቆጠሩ ፍሪጆች ውስጥ አንድ ዓይነት ጥያቄ ያድራል ማለት ይቻላል፤ መልሱም ሳንድዊች ወይም ሾርባ ነው። ሳንድዊቹ ሥጋውን ይጨርሳል እንጂ አጥንቱን አይነካውም።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የታተሙ የአሜሪካ የምግብ አሠራር መጻሕፍት አጽሙን ሰባብሮ በቀዝቃዛ ውኃ በመቀቀል የሚሠራውን ሾርባ እንደ ተራ የቤት አያያዝ ዕውቀት ያስተምሩ ነበር። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ ከ1917 ጀምሮ፣ በኸርበርት ሁቨር የሚመራው የምግብ አስተዳደር መሥሪያ ቤት «ምግብ ጦርነቱን ያሸንፋል» በሚል መፈክር ቤተሰቦች ትርፍራፊ እንዳይጥሉ ሲቀሰቅስ፣ ልማዱ የአገር ፍቅር መልክም ያዘ። ከዚያ በኋላ የታሸገ መረቅ እየረከሰ በመምጣቱ አጥንት መቀቀል በዓመቱ ሌሎች ቀናት ከብዙ ወጥ ቤቶች ጠፍቷል። በምስጋና ቀን ማግስት ግን እንዳለ አለ።

አጥንቱ ሰዓታት፣ ሥጋው ደቂቃዎች

ብዙ የተርኪ ሾርባ የሚበላሸው አጥንቱና ሥጋው አንድ ላይ ስለሚቀቀሉ ነው። ሁለቱ የሚፈልጉት ነገር ፈጽሞ የተለያየ ነው። በአጥንቱ ዙሪያ፣ በመገጣጠሚያው፣ በቆዳውና በጅማቱ ያለው ኮላጅን የተባለ ጠንካራ ፕሮቲን በውኃ ውስጥ ለረጅም ጊዜ ሲሞቅ ወደ ጄላቲን ይለወጣል፤ መረቁን አፍ ላይ ወፈር የሚያደርገው፣ ፍሪጅ ውስጥ ሲያድርም የሚያረጋው ይኸው ነው። ለዚህ ከሁለት ተኩል እስከ አራት ሰዓት ያስፈልጋል። በፕሬዠር ኩከር ከሆነ አንድ ሰዓት ገደማ ይበቃል። የደረቱ ሥጋ ግን በበዓሉ ቀን አንድ ጊዜ ተጠብሷል። ስብም ኮላጅንም እምብዛም የለውም። ከአጥንቱ ጋር ሦስት ሰዓት ቢቆይ ጣዕሙን ለመረቁ ሰጥቶ ራሱ እንደ ልቃቂት ክር ይቀራል። የታፋው ጠቆር ያለ ሥጋ ትንሽ ይታገሣል፤ እርሱም ቢሆን ሾርባው ሊወርድ አምስት ደቂቃ ሲቀረው ቢገባ ይሻለዋል።

ሥራው የሚጀምረው ስለዚህ በዚያው በበዓሉ ምሽት ነው። ሥጋው ከአጥንቱ ተለይቶ በሚዘጋ ዕቃ ይቀመጣል፤ አጽሙ በእጅ ተሰባብሮ ድስት ውስጥ የሚገባ መጠን ይሆናል። በሆዱ ውስጥ የተጠቀጠቀ የዳቦ ሙሌት ካለ እስከ መጨረሻው ፍርፋሪ መውጣት አለበት፤ መረቁን ያደፈርሳል፣ ታችም ያሳርራል። መረቁ ቀላ ያለ መልክና ጠለቅ ያለ ጣዕም እንዲኖረው የሚፈልጉ አጥንቱን በ200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ኦቨን ለግማሽ ሰዓት ያህል እንደገና ያጠቁሩታል። ቆዳው፣ ክንፉና አንገቱ ኮላጅን ስለሚበዛባቸው አይጣሉም።

ውኃው ቀዝቃዛ ይሁን፤ አጥንቱን ሁለት ጣት ያህል አልፎ ይሸፍነው። የአንድ ስድስት ኪሎ ገደማ ተርኪ አጽም ከአራት እስከ አምስት ሊትር ውኃ ይወስዳል። ቀስ ብሎ እንዲሞቅ ሲደረግ የሚንሳፈፈው አረፋ በጭልፋ ይገፈፋል፤ ከዚያ እሳቱ ተቀንሶ ድስቱ ጠርዙ ላይ ብቻ ትር ትር እያለ ይቆያል። የሚንተከተክ ውኃ ስቡንና የፕሮቲኑን ብናኝ ከመረቁ ጋር ስለሚደባልቅ መረቁ ይደፈርሳል፣ ቅባታምም ይሆናል። ለሁለት የተከፈለ ቀይ ሽንኩርት፣ ካሮት፣ ሴለሪ፣ ጥቂት ፍሬ ቁንዶ በርበሬና ጦስኝ የሚገቡት በመጨረሻው አንድ ሰዓት ቢሆን ጥሩ ነው፤ ከመጀመሪያው ቢገቡ መዓዛቸው በእንፋሎት ያልቃል።

ጨው ገና አይጨመርም። ብዙው የገበያ ተርኪ ጨው ያለበት ፈሳሽ የተወጋ ወይም ቤት ውስጥ በጨው ውኃ ያደረ ስለሆነ፣ አጥንቱ በቂ ጨው ይዞ ይመጣል፤ መረቁ ሲመጥን ጨውነቱ ይብሳል። በጢስ የበሰለ ተርኪ ደግሞ ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው፤ የጢሱ ጣዕም መረቁን ስለሚገዛው ለምስርና ለባቄላ ሾርባ እንጂ ለስላሳ ለሆነው የፓስታ ሾርባ አይመችም።

መረቁ ከተጠለለ በኋላ ያለው ሥራ አጭር ነው። በደቃቁ የተከተፈ ሽንኩርት፣ ካሮትና ሴለሪ በጥቂት ቅቤ ወይም ከመረቁ ላይ በተገፈፈው ስብ ይቁላላሉ፣ መረቁ ይፈስባቸዋል፣ አትክልቱ ሲለሰልስ ሥጋው ይገባል። ፓስታውን ለብቻ ቀቅሎ በየሳህኑ መጨመር ይመረጣል፤ ድስቱ ውስጥ ካደረ መረቁን ጠጥቶ ገንፎ ይሆናል። የሎሚ ጠብታ በመጨረሻ ላይ ብዙ ነገር ያስተካክላል፤ ሾርባው ጨው የጎደለው ሲመስል ብዙውን ጊዜ የጎደለው እርሱ ነው።

ያደረ ተርኪ ለምን ሌላ ሽታ ያመጣል?

በማግስቱ ተርኪ እንደገና ሲሞቅ የሚሰማው፣ የቆየ ካርቶን የመሰለ ሽታ የመበላሸት ምልክት አይደለም። በሥጋው ውስጥ ያሉት በቀላሉ ከኦክስጅን ጋር የሚዋሐዱ ስቦች፣ በምግብ ማብሰሉ ጊዜ ከሥጋው በተለቀቀው ብረት እየታገዙ ሲለወጡ የሚፈጠር ነው። ተርኪ ይህን ለውጥ የሚገታውን ቫይታሚን ኢ በሥጋው ውስጥ እንደ ዶሮ አያከማችም፤ ስለዚህ ከዶሮ ይልቅ ይጠቃል። ሾርባ ለዚህ ሁነኛ መድኃኒት ነው። ፈሳሹ ሥጋውን ከአየር ይሸፍነዋል፣ ሽንኩርቱና ቅጠላ ቅጠሉ ደግሞ የቀረውን ሽታ ይደብቁታል። ያደረ ተርኪ በደረቁ ሲሞቅ የማይወድ ሰው በሾርባ ውስጥ ሳያጉረመርም የሚበላው በዚህ ምክንያት ነው።

ጥንቃቄው

ከጣዕሙ በላይ ጥንቃቄ የሚሻው የማቀዝቀዙ ነገር ነው። የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር የበሰለ ተርኪ ከኦቨን ከወጣ በሁለት ሰዓት ውስጥ ፍሪጅ እንዲገባ፣ በሦስት ወይም በአራት ቀን ውስጥ እንዲበላ፣ ሲሞቅም 74 ዲግሪ ሴንቲግሬድ (165 ፋራናይት) እንዲደርስ ይመክራል። የበዓል ገበታ ደግሞ ከቀትር እስከ ማታ ሳይነሣ ይቆያል፤ እንግዳ ይገባል፣ እንግዳ ይወጣል፣ ተርኪው ጠረጴዛ ላይ እንደተቀመጠ ነው። ክሎስትሪዲየም ፐርፍሪንጀንስ የተባለው ባክቴሪያ የሚጠቀመው በዚህ ነው። ዘሩ ከማብሰያው ሙቀት ይተርፋል፣ ምግቡ ለብ ብሎ ሲቆይ ይራባል፣ ሆድ ቁርጠትና ተቅማጥ ያስከትላል። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል ይህ ባክቴሪያ የሚያስከትለው ወረርሽኝ በኖቬምበርና በዲሴምበር እንደሚበዛ፣ ከበዓል ምግቦች መካከልም ተርኪ ተደጋግሞ እንደሚጠቀስ ያስታውቃል።

መረቅ የያዘ ትልቅ ድስት በዚህ በኩል ከሥጋው የባሰ አደጋ አለበት። አምስት ሊትር ትኩስ ፈሳሽ እንዳለ ፍሪጅ ውስጥ ቢገባ መሀሉ ለብዙ ሰዓት ሙቅ ሆኖ ይቆያል፣ አጠገቡ ያለውንም ምግብ ያሞቃል። መረቁን በዝቅተኛና ሰፊ ዕቃዎች መከፋፈል፣ ወይም ድስቱን በረዶ ባለበት ውኃ ውስጥ አስቀምጦ ማማሰል መፍትሔው ነው። የሙያው ደንብ በሁለት ሰዓት ውስጥ ወደ 21 ዲግሪ፣ በቀጣዩ አራት ሰዓት ደግሞ ወደ 5 ዲግሪ እንዲወርድ ይጠይቃል። ሲበርድ ከላይ የሚረጋው ስብ መረቁን እንደ ክዳን ስለሚሸፍነው እስኪፈለግ ባይነሣ ይሻላል።

የየአካባቢው መልክ

ፓስታ ያለበት ሾርባ የተለመደው ነው፤ አስደናቂው ግን ሌላው ነው። አገሪቱን በተርኪ እርባታ የምትመራው ሚኒሶታ በጥልቀት በሌላቸው ሐይቆቿ የሚበቅል፣ የኦጂብዌ ሕዝብ ማኖሚን የሚለውና ለዘመናት በታንኳ ሲሰበስበው የኖረው ጥቁር የዱር ሩዝ አላት። ይህ እህል እውነተኛ ሩዝ ሳይሆን የውኃ ሣር ዘር ነው፤ ለመብሰል ወደ አንድ ሰዓት ይወስዳል፣ በክሬም ለወፈረ የተርኪ ሾርባም ለውዝ የመሰለ ጣዕም ይሰጠዋል።

በሉዊዚያና አጽሙ የሚገባው ጋምቦ ወደሚባለው ወፍራም ሾርባ ነው። ዱቄት በዘይት ወይም በስብ ቸኮሌት እስኪመስል ይታመሳል፣ ሽንኩርት፣ ሴለሪና ቃሪያ ይገቡበታል፣ በተርኪው መረቅ ይቀጥናል፣ ባሚያም ሊጨመርበት ይችላል። ብዙውን ጊዜ የአሳማ ቋሊማ ስለሚገባበት የአሳማ ሥጋ የማይበላ እንግዳ አስቀድሞ መጠየቁ ተገቢ ነው። የካንቶን ተወላጅ የሆኑ ቻይናውያን አሜሪካውያን በበኩላቸው አጽሙን ከሩዝና ከዝንጅብል ጋር ሩዙ እስኪፈራርስ ቀቅለው ጁክ የሚባለውን ቀጭን ገንፎ ይሠሩበታል። በእኔ ግምት ከሁሉም ተርኪውን በሚገባ የተረዳው ይህኛው ነው፤ የሩዙ ልስላሴና የጄላቲኑ ውፍረት አንዱ ለሌላው የተፈጠሩ ይመስላሉ። በኒው ሜክሲኮ የተላጠ በቆሎና ቃሪያ ይገባበታል። ተርኪ የገና ምግብ በሆነባት በብሪታንያ ደግሞ ሾርባው የሚሠራው ከዲሴምበር 26 ጀምሮ ነው።

በአሜሪካ በሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ቤት

ኢትዮጵያ ውስጥ የበዓል ዶሮ እንዲህ ዓይነት ትርፍ አይተወውም። ዶሮዋ በ12 ብልት ተገንጥላ ከነአጥንቷ ወጥ ውስጥ ስለምትገባ፣ ለብቻው የሚቀር አጽም የለም፤ አጥንቱ የሚሰጠውን ሁሉ የሚሰጠው ለወጡ ነው። የአጥንት መረቅ የሚታወቀው በበግና በበሬ ቅቅል ነው። በዋሽንግተን ዲሲ አካባቢም ሆነ በሌሎች ከተሞች የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ለምስጋና ቀን ተርኪ ሲጠብሱ፣ አንዳንዶቹም በበርበሬና በንጥር ቅቤ ሲያሹት፣ ባዶውን አጽም ምን እንደሚያደርጉት በአዲስ መልክ ያስባሉ። በበርበሬ የታሸ ተርኪ አጥንት ቀላ ያለ፣ የሚያቃጥል መረቅ ያወጣል፤ ሴለሪና ጦስኝ ሳይጨመርበት በነጭ ሽንኩርትና በዝንጅብል ብቻ ይበቃዋል።

ለኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመናን ግን ነገሩ ከቀን አቆጣጠር ጋር ይጋጫል። ጾመ ነቢያት የሚገባው ኅዳር 15 ሲሆን፣ ይህም በፈረንጆቹ ኖቬምበር 24፣ ጳጉሜን ስድስት ቀን ከሆነች በኋላ በሚመጣው ዓመት ደግሞ ኖቬምበር 25 ነው። የምስጋና ቀን ከኖቬምበር 22 እስከ 28 ባለው ጊዜ ስለሚውል፣ በአብዛኛው ዓመት ጾሙ ውስጥ ይወድቃል፤ ለምሳሌ በ2018 ዓ.ም. የዋለው ኅዳር 18 ነው። በዓሉ ጾሙ ሳይገባ በሚውልባቸው ዓመታት እንኳ የሾርባው ቀን ዓርብ ነው። በዚህ የተነሣ ከጾመኛውና ከማይጾመው የተደባለቀ ቤተሰብ ተርኪውን ለልጆችና ለእንግዶች ያቀርባል፣ ከጎኑ የምስርና የአትክልት ወጥ ይሠራል፣ አጥንቱንና የተረፈውን ሥጋ ደግሞ ፍሪዘር ሊከት ይችላል። የበሰለ የተርኪ ሥጋ በፍሪዘር ጣዕሙን ጠብቆ ከ2 እስከ 6 ወር፣ መረቁ ከ2 እስከ 3 ወር ይቆያል፤ ጾሙ ታኅሣሥ 29 በገና እስኪፈታ ያለው ጊዜ ከስድስት ሳምንት ብዙም አይበልጥም። አጽሙ ቦታ የሚይዝ ስለሆነ ቀድሞ ቀቅሎ መረቁን በየአንድ ሊትር ዕቃ ማስቀመጥ ይቀላል፤ ፈሳሽ በረዶ ሲሆን ስለሚሰፋ ከእያንዳንዱ ዕቃ አፍ ሁለት ጣት ያህል ክፍት ቦታ ይተዋል።