ሉዊስ፦ የሰሴክስ እልኸኛ ዋና ከተማ

ከለንደን ቪክቶሪያ ጣቢያ ተነስቶ ወደ ደቡብ የሚወርደው ባቡር ከአንድ ሰዓት ትንሽ አለፍ ብሎ ሉዊስ ይደርሳል። ከተማዋ ትንሽ ናት። ነዋሪዋ 17 ሺህ ገደማ ነው። ብራይተን ቅርቧ ናት፤ በሕዝብ ብዛትም፣ በገንዘብም፣ በዝናም ትበልጣታለች። የምሥራቅ ሰሴክስ ካውንቲ ዋና ከተማ ግን ሉዊስ ናት።

ካውንቲ በእንግሊዝ አገር ከጥንት ጀምሮ ግብር የሚሰበሰብበትና ዳኝነት የሚታይበት የአስተዳደር ክልል ነው። ዋና ከተማው ደግሞ ዳኛው የሚያስችልበት፣ እስር ቤቱ ያለበት፣ ገበሬው ከብቱን ይዞ ገበያ የሚወጣበት ቦታ ነበር። እንዲህ ያሉ ከተሞች ብዙውን ጊዜ ረጋ ያሉ ናቸው። ሉዊስ ለየት ትላለች። የመንግሥት መቀመጫ ሆና ሳለ ለመንግሥት ጎንበስ ማለት አይሆንላትም። የሰሴክስ ሰዎች ስለ ራሳቸው «አንነዳም» የሚሉት የቆየ አባባል አላቸው። ማንም እንደ ከብት ከኋላ እየገፋ አይነዳንም ለማለት ነው። እኔ እንደሚመስለኝ የሉዊስ ታሪክ የሚገባው በዚህ አባባል በኩል ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

በመጀመሪያ ስለ ቦታው። ሳውዝ ዳውንስ የሚባሉት ኮረብታዎች ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ተዘርግተዋል። አፈራቸው ስስ ነው፤ ከሥሩ ያለው ነጭ የጠመኔ ድንጋይ ነው። ኡዝ ወንዝ ይህን ኮረብታ ሰንጥቆ ኒውሄቨን ላይ ባሕር ይገባል። ሉዊስ የተቆረቆረችው ወንዙ ኮረብታውን በሚሰነጥቅበት ቦታ ነው። መሻገሪያውን የያዘ መንገዱን ያዘ። በንጉሥ አልፍሬድ ዘመን የዴንማርክ ወራሪዎችን ለመከላከል ከተመሸጉት ከተሞች አንዷ ነበረች። በአሥረኛው መቶ ዘመን ንጉሥ አቴልስታን ሳንቲም የሚቀርጹ ሁለት ባለሙያዎች እንዲኖሯት ፈቀደላት። ይህ በዚያ ዘመን ለከተማ ትልቅ ነገር ነው።

በ1066 ኖርማኖች እንግሊዝን ሲይዙ ሉዊስ ለዊልያም ደ ዋሬን ደረሰችው። ሰውየው ከድል አድራጊው ንጉሥ ጋር ሄስቲንግስ ላይ የተዋጋ መኳንንት ነው። መሃል ከተማው ላይ ግንብ ሠራ። ግንቡ በሰው እጅ የተቆለሉ ሁለት ጉብታዎች አሉት። በእንግሊዝ ሁለት ጉብታ ያለው ሌላ የታወቀ ግንብ የሊንከን ብቻ ነው። ከአንደኛው ጉብታ ላይ ወጥቶ ያየ ሰው ወንዙን፣ ኮረብታዎቹንና ጣሪያዎቹን በአንድ ጊዜ ያያል። ከተማዋ ለምን እዚያ ቦታ ላይ እንደተሠራች ያለ አስጎብኚ ይገባዋል።

ዋሬንና ሚስቱ ጉንድራዳ ከግንቡ በታች፣ ሜዳው ላይ፣ የቅዱስ ፓንክራስን ገዳም መሠረቱ። ክሉኒ በፈረንሳይ የተጀመረ የመነኮሳት ሥርዓት ነው፤ በእንግሊዝ የመጀመሪያው የክሉኒ ገዳም ይህ ነበር። ቤተ ክርስቲያኑ ከቺቸስተር ካቴድራል ይበልጥ ነበር። ዛሬ የቀረው የፈራረሰ ግድግዳ ነው። ሄንሪ ስምንተኛ ገዳማትን ሲዘጋ ሹሙ ቶማስ ክሮምዌል ይህንን ለማፍረስ ጣሊያናዊ መሐንዲስ ላከ። በ1538 ምሰሶዎቹን ከሥራቸው እየቆረጡ ጣሏቸው። ድንጋዩን ሕዝቡ ወሰደው። በ1572 የተሠራው ሳውዝኦቨር ግሬንጅ የሚባለው ቤት ከዚሁ ገዳም ድንጋይ የተገነባ ነው። በኋላ የባቡር ሐዲድ መጣና በፍርስራሹ መሃል አለፈ። በ1845 ቁፋሮ ላይ የነበሩ ሠራተኞች ሁለት ትናንሽ የእርሳስ ሣጥኖች አገኙ። በላያቸው የዊልያምና የጉንድራዳ ስም ነበረባቸው። የባልና ሚስቱ አፅም ነበር። አሁን እዚያው አቅራቢያ በሳውዝኦቨር ቤተ ክርስቲያን ይገኛሉ።

አሁን ወደ ጦርነቱ። ንጉሥ ሄንሪ ሦስተኛ ከመኳንንቱ ጋር ለዓመታት ሲወዛገብ ኖሯል። መኳንንቱ በ1258 ሥልጣኑን የሚገድብ ስምምነት አስፈርመውት ነበር። እሱ ደግሞ ከስምምነቱ ለመውጣት የማይፈነቅለው ድንጋይ አልነበረም። በ1264 መጀመሪያ ላይ የፈረንሳይ ንጉሥ አስታራቂ ሆኖ ሙሉ በሙሉ ለሄንሪ ፈረደ። ከዚያ በኋላ የቀረው መዋጋት ነው። የመኳንንቱ መሪ ሲሞን ደ ሞንፎርት ነበር።

በሜይ 1264 ንጉሡ ገዳሙ ውስጥ ሰፈረ። ልጁ ኤድዋርድ ከፈረሰኞቹ ጋር ግንቡ አጠገብ ነበር። ሲሞን ሠራዊቱን በሌሊት ኮረብታው ላይ አወጣ። ወታደሮቹ ልብሳቸው ላይ ነጭ መስቀል ለጥፈው ነበር። ሜይ 14 ማለዳ የንጉሡ ሰዎች ቀና ሲሉ ጠላት ከበላያቸው ቆሟል። ኤድዋርድ ቀድሞ ገባ። ፊት ለፊቱ የነበሩት ከለንደን የመጡ፣ ውጊያ ያልለመዱ ሰዎች ናቸው። በታተናቸው። ችግሩ ግን እዚያ አለማቆሙ ነው፤ እያሳደደ ርቆ ሄደ። ሲመለስ አባቱ ተሸንፏል። የንጉሡ ወንድም ሪቻርድ የነፋስ ወፍጮ ቤት ውስጥ ተደብቆ ተያዘ። ንጉሡ እጁን ሰጠ፤ ኤድዋርድም መያዣ ሆነ።

ሲሞን አገሩን የገዛው ከአንድ ዓመት ብዙም ላልበለጠ ጊዜ ነው። በኦገስት 1265 ኢቭሻም ላይ ተገደለ። ሆኖም በዚያው ዓመት ጃንዋሪ ላይ የጠራው ፓርላማ በታሪክ ትልቅ ቦታ አለው። ከመኳንንቱና ከጳጳሳቱ ሌላ ከየካውንቲው ባላባቶች፣ ከከተሞችም የነዋሪ ተወካዮች እንዲመጡ አድርጓል። ዲሞክራሲ በሉዊስ ተወለደ ማለት ማጋነን ነው። ነገር ግን ያለዚያ ማለዳ ድል ያ ጉባኤ አይጠራም ነበር።

የከተማዋ ትልቁ ቁስል የመጣው ከሦስት መቶ ዓመት በኋላ ነው። ንግሥት ሜሪ አገሩን ወደ ካቶሊክ እምነት ለመመለስ ስትነሳ እምነታችንን አንለውጥም ያሉ ፕሮቴስታንቶች በእሳት ተፈረደባቸው። ከ1555 እስከ 1557 ባለው ጊዜ 17 ሰዎች ሉዊስ ላይ ተቃጠሉ። የመጀመሪያው ዴሪክ ካርቨር የሚባል የብራይተን ቢራ ጠማቂ ነበር። በጁን 1557 ደግሞ አሥር ሰዎች በአንድ እሳት አለቁ። ቦታው ስታር የሚባል የእንግዳ ማረፊያ ፊት ለፊት ነው። ዛሬ እዚያ የቆመው የከተማው ማዘጋጃ ቤት ነው። ከመሬት በታች ያለው የድሮው ምድር ቤት እስካሁን አለ።

ሉዊስ ይህን አልረሳችም። ብዙ ሰው ከተማዋን የሚያውቃት በኖቬምበር 5 ምሽት ነው። በ1605 ጋይ ፎክስ የሚባል ካቶሊክና ጓደኞቹ ፓርላማውን በባሩድ ሊያፈነዱ ሲሉ ተያዙ፤ ከዚያ ወዲህ በመላው እንግሊዝ በዚህ ቀን እሳት ይነዳል። በሌላው ቦታ ነገሩ ርችትና የልጆች ጨዋታ ሆኗል። እዚህ ግን የከተማው ሰው ዓመቱን ሙሉ ሲዘጋጅለት የሚከርም ጉዳይ ነው።

በዚያ ምሽት የሚሰለፉ ስድስት ማኅበራት አሉ፤ በየሰፈሩ ነው የተቋቋሙት። ሁለቱ፣ ቦሮና ክሊፍ፣ ከ1853 ጀምሮ ያሉ ናቸው። ከዚያ በፊት በዓሉ ሥርዓት አልነበረውም። ወጣቱ የሚነድ የሬንጅ በርሜል መንገድ ላይ እያንከባለለ ከተማውን ያምሰው ነበር። በ1847 ባለሥልጣናቱ ከለንደን ፖሊስ አስመጥተው ሊያስቆሙት ሞከሩ። አልቻሉም። መውጫው ማኅበር ማቋቋም ሆነ፤ ሰልፉ መስመር ያዘ፣ እሳቱም አልጠፋም።

ምሽቱ ምን ይመስላል? ሱቆቹ መስኮታቸውን በጣውላ ይሸፍናሉ። መንገዶች ይዘጋሉ። በቅርብ ዓመታት ባቡሩም ማታ ሉዊስ ላይ አይቆምም፤ ስለዚህ ከውጭ የሚመጣ ሰው ቀድሞ ያስብበት። ሲመሽ የየማኅበሩ አባላት ባለመስመር ሹራብ ለብሰው ይወጣሉ። ልብሱ የድሮ ኮንትሮባንዲስቶችን ለማስታወስ ነው፤ ቀለሙ እንደየማኅበሩ ይለያያል። ሕፃን፣ ሽማግሌ፣ ሁሉም ችቦ ይይዛል። ጠባቡ ዋና መንገድ በጭስ ይታፈናል። የችቦው ሙቀት ዳር የቆመውን ሰው ፊት ይጋረፈዋል። ከመካከላቸው 17 የሚነዱ መስቀሎች ያልፋሉ፤ ለእያንዳንዱ ሰማዕት አንድ። የጦርነት መታሰቢያው ጋ ሲደርሱ ቆመው አበባ ያኖራሉ፤ ያ ሁሉ ጩኸት ጸጥ ይላል። አንድ የሚነድ በርሜልም ከድልድዩ ላይ ወደ ኡዝ ይወረወራል። በመጨረሻ እያንዳንዱ ማኅበር ወደ የራሱ ሜዳ ሄዶ ትልቁን እሳት ያነዳል። በዓመቱ የተጠላ ፖለቲከኛ ካለ ትልቅ ምስሉ ተሠርቶ በርችት ይፈነዳል። ማን እንደሆነ እስከዚያች ምሽት ምስጢር ነው።

በበዓሉ ላይ ክርክር አለ፤ መኖሩም ተገቢ ነው። በ1605 የሮማ ጳጳስ የነበረው የጳውሎስ አምስተኛ ምስል እስካሁን ይቃጠላል፤ ጳጳሱን የሚያወግዝ ባነርም ይሰቀላል። ይህ የካቶሊክ ጎረቤትን ሊያስከፋ ይችላል። ማኅበራቱ ነገሩ ከታሪክ ጋር እንጂ ከሰው ጋር አይደለም ይላሉ። በ2017 ደግሞ አንዱ ማኅበር የዙሉ ልብስ ለብሶ ፊትን ጥቁር መቀባት የሚለውን የቆየ ልማዱን ተወ። በእኔ እምነት ትክክለኛ ውሳኔ ነው። የሰማዕታቱን መታሰቢያ ምንም አልቀነሰበትም።

እሳቱ አንዱ የሉዊስ መልክ ነው፤ ሌላው ክርክር ነው። በ1768 ቶማስ ፔይን የሚባል የ31 ዓመት የኤክሳይዝ ታክስ ሠራተኛ ተዛውሮ መጣ። ዋናው መንገድ ላይ ቡል ሃውስ በሚባለው አሮጌ ቤት ተከራየ። የአከራዩን ልጅ ኤልሳቤጥን በ1771 አገባ። ማታ ማታ ዋይት ሃርት በሚባለው ሆቴል ከከተማው ሰዎች ጋር ይከራከር ነበር። ክበባቸው «ግትሮቹ» የሚል ስም ነበረው። በ1772 የታክስ ሠራተኞች ደመወዝ ይጨመር ብሎ ጽሑፍ አዘጋጅቶ ለፓርላማ አባላት አደረሰ። ውጤቱ መልካም አልነበረም። በ1774 ከሥራ ተባረረ፣ ሱቁ ከሰረ፣ ትዳሩ ፈረሰ። የቤንጃሚን ፍራንክሊንን የአደራ ደብዳቤ ይዞ አሜሪካ ገባ። በጃንዋሪ 1776 ባሳተመው ትንሽ መጽሐፍ አሜሪካውያን ከእንግሊዝ እንዲለዩ የገፋፋቸው ይኸው ሰው ነው። የሉዊስ ክርክር ትምህርት ቤቱ ነበር ብል አልተሳሳትኩም። ከተማዋ በ2008 የራሷን የመገበያያ ኖት ስታወጣ የፔይንን መልክ አትማበታለች።

አሁን ደግሞ ከተማዋን በእግር እንዘዋወርባት። ዋናው መንገድ በኮረብታው ጀርባ ላይ ነው። ከእሱ ወደ ታች ጠባብ መተላለፊያዎች ይወርዳሉ፤ የአገሩ ሰው ትዊተን ይላቸዋል። ሁለት ሰው ጎን ለጎን ማለፍ የሚቸገርባቸው አሉ። ግድግዳቸው ባልጩት ነው፤ ከጠመኔው ውስጥ የሚወጣ፣ ላዩ ነጭ፣ ውስጡ ጥቁር ድንጋይ። ኪር ስትሪት ደግሞ በድቡልቡል ድንጋይ የተነጠፈ ቀጥ ያለ ቁልቁለት ነው። ዝናብ ከዘነበ ተጠንቅቆ መውረድ ነው።

አንድ ነገር አስተውሎ ማየት ይገባል። ዋናው መንገድ ላይ ብዙ የጡብ ቤት ያለ ይመስላል። ቀረብ ብሎ ሲታይ ብዙው ጡብ አይደለም። የእንጨት ቤት ላይ የተሰቀለ ስስ ሸክላ ነው። በ18ኛው መቶ ዘመን ጡብ ፋሽን ሲሆን ባለቤቶቹ አሮጌውን የእንጨት ቤት ከማፍረስ ይልቅ ፊቱን በዚህ ሸክላ ሸፈኑት። ሸክላው አንዱ በሌላው ላይ እየተደረበ ይሰቀላል፤ የሚታየው ክፍል ልክ የጡብ ፊት ያህል ነው። ማዕዘኑ ላይ ሲደርስ ግን መዞር ያስቸግረዋል። ስለዚህ ጥጉን በጣውላ ይዘጉታል። ቤቱ ጡብ ይሁን አይሁን የሚታወቀው እዚያ ጥግ ላይ ነው።

ቁልቁል ወርዶ ወንዙ ዳር ሃርቪስ የሚባለው ቢራ ፋብሪካ አለ። ከ1790 ጀምሮ ያለ ነው። በሚጠመቅበት ቀን የብቅሉ ሽታ ሰፈሩን ያውደዋል።

ከወንዙ ማዶ ያለው የክሊፍ ኮረብታ ገደል ነው። በ1836 ገና ሰሞን ከባድ በረዶ ጣለ። ነፋሱ በረዶውን ገደሉ አናት ላይ ከመረው። ዲሴምበር 27 ተንዶ ከሥሩ ያሉትን የድሆች ቤቶች ቀበረ። ስምንት ሰው ሞተ፤ ሰባቱ በሕይወት ወጡ። እስከ ዛሬ በብሪታንያ ብዙ ሰው የገደለው የበረዶ ናዳ ይህ ነው። በቦታው ላይ የተሠራው መጠጥ ቤት ስሙ ስኖውድሮፕ ነው። ወንዙም ቢሆን ዝም አላለም፤ በኦክቶበር 2000 ሞልቶ የታችኛውን ከተማ አጥለቅልቆታል።

የዋና ከተማነቷ ምልክቶች አሁንም አሉ። የካውንቲው ምክር ቤት እዚህ ነው። የፖሊስ ዋና መሥሪያ ቤትም እዚህ ነው። በ1853 የተከፈተው እስር ቤት አሁንም ይሠራል። ከ1916ቱ የዱብሊን አመጽ በኋላ ኤመን ደ ቫሌራና ሌሎች የአየርላንድ ታጋዮች እዚያ ታስረው ነበር። በ1917 እንደ ጦር ምርኮኛ እንቆጠር ብለው እምቢ አሉ፤ በመጨረሻ ወደ ተለያዩ እስር ቤቶች ተበተኑ። ደ ቫሌራ በኋላ የአየርላንድ መሪ ሆኗል። ብራይተን በ1997 ከጎረቤቷ ሆቭ ጋር ከካውንቲው አስተዳደር ወጣች፤ በ2000 ሁለቱ በአንድነት «ሲቲ» የሚባለውን የከተማነት ማዕረግ አገኙ። ሉዊስ ግን ቦታዋን አልለቀቀችም።

ኳስ የሚወድ ሰው ደግሞ የሉዊስን ክለብ ይጠይቅ። ሜዳው ድሪፒንግ ፓን ይባላል፤ ከፈረሰው ገዳም አጠገብ ነው። ከ2010 ጀምሮ የክለቡ ባለቤት ራሱ ሕዝቡ ነው። በ2017 ክለቡ ለሴቶችና ለወንዶች ቡድኖቹ እኩል በጀት መደበ። እንዲህ ያደረገ ክለብ ከዚያ በፊት አልነበረም። ሀብታሞቹ ክለቦች አይቻልም ሲሉት የኖሩትን ነገር በዝቅተኛ ዲቪዚዮን የሚጫወት የትንሽ ከተማ ክለብ አደረገው።