የደመወዝ ጣሪያና የቅንጦት ግብር አንድ አይደሉም

ጎንደር ፒያሳ ቡና እየተጠጣ ስለ ፋሲል ከነማ ተጫዋቾች ክፍያ ወሬ ሲነሳ፣ «እንደ አሜሪካኖቹ ጣሪያ ይበጅለት» የሚል ሰው አይጠፋም፤ ይሁን እንጂ የአሜሪካ ሊጎች ራሳቸው የሚከተሉት ደንብ አንድ ዓይነት አይደለም። የአሜሪካ እግር ኳስ (ኳሷ በአብዛኛው በእጅ የምትያዝበት ማለት ነው) ከ1994 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ጥብቅ ጣሪያ ስላለው፣ ክለቡ የቱንም ያህል ሀብታም ቢሆን ከተወሰነው የደመወዝ ድምር ማለፍ አይፈቀድለትም። ቤዝቦል ግን የቅንጦት ግብር፣ ማለትም የደመወዝ ድምሩ ከተወሰነ መጠን ያለፈ ክለብ የሚከፍለው ክፍያ፣ እንጂ ጣሪያ የለውም። በ2024 የግብሩ መነሻ 237 ሚሊዮን ዶላር ስለነበር፣ ወሰኑን ለመጀመሪያ ጊዜ አልፎ 247 ሚሊዮን ያወጣ ክለብ የሚከፍለው ከወሰኑ በላይ ካወጣው 10 ሚሊዮን ላይ 20 በመቶውን፣ ማለትም 2 ሚሊዮን ብቻ ነው፤ በተከታታይ ሲደግም 30፣ ሲሠልስ 50 በመቶ ይሆናል። ይህ ለባለጸጋ ክለብ ክልከላ ሳይሆን የመግቢያ ዋጋ ይመስለኛል።