ዴስክቶፕ ኮምፒውተር በድንገት ሲንቀራፈፍ፦ ምርመራው በድሬዳዋ

ትናንት ደህና ሲሠራ የነበረ ዴስክቶፕ ዛሬ ወርድ ለመክፈት ሁለት ደቂቃ ከፈጀበት፣ የተለወጠ ነገር አለ ማለት ነው። ማሽን በአንድ ሌሊት አያረጅም። ምርመራ የሚባለው ያንን የተለወጠ ነገር መፈለግ ነው፤ ጥገናው ከዚያ በኋላ ይመጣል። ብዙ ሰው ግን ጥገና ቤት ሄዶ ገና ሳይቀመጥ "አቦ፣ ፎርማት አርግልኝ" ይላል። ፎርማት፣ ማለትም ዲስኩን አጥፍቶ ዊንዶውስን እንደ አዲስ መጫን፣ አንዳንዴ ይሠራል። በአቧራ የተዘጋ ማቀዝቀዣን ግን አያጸዳም፤ እየሞተ ያለ ሃርድ ዲስክንም አያድንም። እንዲያውም በደከመ ዲስክ ላይ ዊንዶውስን እንደ አዲስ መጫን ጨርሶ ሊገድለው ይችላል። ያኔ የልጆቹ ፎቶና የሱቁ ሒሳብ አብሮ ይሄዳል።

መጀመሪያ የሚጠየቀው ቀላል ነው፤ የዘገየው ምኑ ነው? "ኮምፒውተሬ ከበደ" ከሚሉት ውስጥ የከበደው ኢንተርኔቱ ብቻ የሆነባቸው ጥቂት አይደሉም። ለመለየት ኔትወርኩን አቋርጦ ማሽኑ ውስጥ ያለ ፋይል መክፈት ነው። ቶሎ ከተከፈተ ችግሩ መስመሩ ላይ ነው። ቀኑንና ሰዓቱን ማየትም አይከፋም። ማዘርቦርዱ (ዋናው ሰሌዳ) ላይ ያለችው ክብ የ3 ቮልት ባትሪ ስታልቅ፣ መብራት በጠፋ ቁጥር ቀኑ ወደ ድሮ ዓመት ይመለሳል። ያኔ ብዙ ድረ ገጾች አንከፈትም ይላሉ፤ ሰውም "ኔት የለም" ብሎ ይቀመጣል። ባትሪዋን መቀየር ይበቃል።

ቀጥሎ፣ መቼ ጀመረው? የዚህ መልስ ብዙ ጊዜ የሥራውን ግማሽ ይጨርሳል። መብራት ድንገት ጠፍቶ ከመጣ በኋላ ከሆነ ዲስኩ ይጠረጠራል። የሰው ፍላሽ ከተሰካ በኋላ ከሆነ ቫይረስ። ጠዋት ደህና ውሎ ከቀትር በኋላ የሚደክም ከሆነ ሙቀት። ማሽኑ ቦታ ከቀየረ በኋላ ከሆነ ደግሞ ውስጡ የላላ ነገር ሊኖር ይችላል።

ታስክ ማናጀር ምን ይላል?

ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኤስኬፕ አንድ ላይ ሲጫኑ ታስክ ማናጀር ይመጣል። ገንዘብ የማይጠይቅ፣ ከሁሉም በላይ የሚጠቅም መሣሪያ ይኸው ነው። ሲፒዩ፣ ሜሞሪና ዲስክ የሚሉ ዓምዶች አሉት። ሲፒዩ ፕሮሰሰሩ፣ የማሽኑ አእምሮ ነው፤ ሜሞሪ ደግሞ ራም፣ የተከፈተ ሥራ የሚያርፍበት ጊዜያዊ ማከማቻ ነው። ምንም ሥራ ሳይኖር ወደ 100 ፐርሰንት የተጠጋው የትኛው ነው? ዓምዱን ክሊክ ሲያደርጉት ብዙ የሚበላው ፕሮግራም ወደ ላይ ይወጣል። መቸኮል ግን አይገባም። ዊንዶውስ ሲነሣ ሁሌም ይጨናነቃልና አምስት አሥር ደቂቃ መታገስ ነው። ብዙ ቀን ጠፍቶ የቆየ ማሽን ሲከፈት ደግሞ የተጠራቀመ አፕዴት ያወርዳል፤ አንቲቫይረሱም ፍተሻውን ይጀምራል። ይህ በሽታ አይደለም፣ ሲጨርስ ራሱ ይለቃል።

ክራክ የተደረገ ሶፍትዌር በተጫነ ማግስት የማይታወቅ ፕሮግራም ሲፒዩውን ሙሉ በሙሉ ይዞ ከተገኘ፣ በሰው ማሽን ክሪፕቶ (ዲጂታል ገንዘብ) የሚያመርት ማልዌር (ጎጂ ፕሮግራም) ሊሆን ይችላል። ሁለት አንቲቫይረስ አብሮ መጫንም የተለመደ ጥፋት ነው። አንዱ የነካውን ፋይል ሌላው ካልፈተሽኩ ይላል፤ በመሃል ማሽኑ ይታሰራል። አንዱ መውጣት አለበት። ሜሞሪው ከሞላ ብዙ ጊዜ ተጠያቂው ክሮም ላይ የተከፈተው የገጽ ብዛት ነው። ራም ሲያልቅ ዊንዶውስ ትርፉን ወደ ዲስክ ይገፋል፤ ዲስክ ደግሞ ከራም እጅግ የዘገየ ነው። እግረ መንገድዎን የራሙን ጠቅላላ መጠን ይመልከቱ። 8 ጊጋ የነበረው 4 ጊጋ ካሳየ አንዱ ራም አልተነበበም። ማሽኑን ከሶኬት ነቅሎ፣ ራሙን አውጥቶ፣ ወርቃማ ጫፉን በላጲስ ቀስ አድርጎ ጠርጎ፣ ቀጭ እስኪል መልሶ መትከል ብዙ ጊዜ ያድነዋል።

ሙቀትና አቧራ

ግራ የሚያጋባው፣ ለብቻው የሚበላ ፕሮግራም ሳይኖር ማሽኑ ሲጎተት ነው። ድሬ ላይ እንዲህ ሲሆን መጀመሪያ ሙቀትን ነው የምጠረጥረው።

ፕሮሰሰር ሲግል ዝም ብሎ አይቃጠልም። ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል። አብዛኞቹ የኢንቴል ፕሮሰሰሮች ይህን የሚያደርጉት ውስጣቸው 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሲደርስ ነው። ከ3 ጊጋኸርዝ በላይ ይሠራ የነበረው ወደ 1 ጊጋኸርዝ ግድም ሊወርድ ይችላል። ፍጥነቱ ታስክ ማናጀር ውስጥ ፐርፎርማንስ በሚለው ገጽ ላይ ይታያል። ሙቀቱን ለማየት ግን እንደ ኮር ቴምፕ ያለ ነፃ ፕሮግራም ያስፈልጋል።

ማቀዝቀዣው የሚያደርገው ሙቀቱን ወደ ክፍሉ አየር ማስወጣት ነው። ስለዚህ ክፍሉ 10 ዲግሪ ከጨመረ ፕሮሰሰሩም በዚያው ልክ ገደማ ይጨምራል። ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ናት፤ ሐረር ደግሞ ከ1,800 ሜትር ትበልጣለች። በመካከላቸው ያለው መንገድ ግን 50 ኪሎ ሜትር ግድም ነው። ሐረር ላይ ያለ ችግር ሲሠራ የኖረ ማሽን የደንገጎን ቁልቁለት ወርዶ ድሬ ሲገባ፣ በግንቦትና በሰኔ 35 ዲግሪ በሚደርስ ክፍል ውስጥ ይፈተናል። አዲስ የተበላሸ ነገር ላይኖር ይችላል። የአየሩ ቅዝቃዜ ደብቆለት የነበረው ድክመት ነው የወጣው።

አቧራውም አለ። የደቻቱ ወንዝ አብዛኛውን ዓመት ውሃ የሌለበት አሸዋ ነው፤ ነፋስ ሲነሣ ደቃቁ በየመስኮቱ ይገባል። በዚያ ሙቀት መስኮት ዘግቶ መዋል አይቻልም። የኮምፒውተሩ ፋን ይህን አየር ቀኑን ሙሉ ይስባል። ፋኑ ከማቀዝቀዣው ላይ ሲፈታ፣ በአሉሚኒየሙ ክንፎች አናት ላይ አቧራና ፀጉር ተጋግሮ እንደ ብርድ ልብስ ተነጥፎ ይገኛል። ከላይ ሲታይ ፋኑ ይዞራል፣ ድምፁም ይሰማል፤ አየሩ ግን አያልፍም። ስለዚህ "ፋኑ ይሠራል" የሚለው ማስረጃ አይሆንም። ፈትቶ ሥሩን ማየት ነው።

የሚጸዳው በለስላሳ ብሩሽና በንፋስ ነው። ንፋስ ሲሰጥ ፋኑ እንዳይሽከረከር በጣት መያዝ አለበት፤ አለዚያ ሊጎዳ ይችላል። በአፍ መንፋት ምራቅ ያስገባል። የጎማ ቤት ኮምፕሬሰርም ውሃና ዘይት ሊተፋ ስለሚችል ባይሞከር እመርጣለሁ። በፕሮሰሰሩና በማቀዝቀዣው መካከል ያለው ሙቀት አስተላላፊ ቅባት (ቴርማል ፔስት) ደርቆ ከሆነ በአልኮል ተጠርጎ በአዲስ ይተካል። ትንሽ ጠብታ ትበቃለች፤ ማብዛት አይጠቅምም። በብዙ የኢንቴል ዴስክቶፖች ላይ ማቀዝቀዣው የሚያዘው በአራት የፕላስቲክ እግሮች ነው። አንዷ ከለቀቀች ወደ አንድ ጎን ያዘነብላል፣ ፕሮሰሰሩም ምንም ሳይሠራ ይግላል። መኪና ላይ ተጭኖ የመጣ ማሽን ከሆነ እነዚህን እግሮች በጣት ጫን ጫን እያደረጉ መፈተሽ ግድ ነው።

ዲስኩ

የዲስክ ዓምድ ያለ ሥራ 100 ፐርሰንት ላይ ተቸንክሮ ከቀረ ሁለት ዕድል አለ። አንደኛው፣ ዲስኩ ጤነኛ ሆኖ ሥራው በዝቶበት ነው። የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ መረጃው ወዳለበት ለመድረስ 10 ሚሊሰከንድ ግድም ይፈጅበታል፤ የሚሽከረከር ክፍል ለሌለው ዲስክ፣ ለኤስኤስዲ፣ ከ1 ሚሊሰከንድ በታች ይበቃዋል። ዊንዶውስ 10ና 11 ብዙ ትናንሽ ፋይሎችን በአንዴ ስለሚጠሩ ልዩነቱ ጎልቶ ይታያል።

ሁለተኛው ዕድል ዲስኩ እየሞተ መሆኑ ነው። ፐርፎርማንስ ገጽ ላይ ዲስኩ መልስ ለመስጠት የሚፈጅበት ጊዜ በሚሊሰከንድ ተጽፎ ይገኛል። ይህ ቁጥር ከሺህ በላይ እየወጣ ማሽኑ በየመሃሉ ድርቅ የሚል ከሆነ፣ ዲስኩ ማንበብ ያቃተውን ቦታ ደጋግሞ እየሞከረ ሊሆን ይችላል። ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ የሚባለው ነፃ ፕሮግራም ዲስኩ ስለ ራሱ የመዘገበውን ያነባል። ሰማያዊ ደህና ነው፤ ቢጫ ማስጠንቀቂያ ነው። ቢጫ ከታየ ሌላው ሁሉ ይቁም። ፎርማትም፣ የዊንዶውስ የዲስክ መጠገኛና ማደራጃ የሆኑት ቼክ ዲስክና ዲፍራግም አይነኩ። መጀመሪያ ፋይሉ ወደ ሌላ ዲስክ ይገልበጥ፣ እሱም በጣም ከሚያስፈልገው ተጀምሮ። ፎቶና ሰነድ ጠፍቶባቸው የሚያለቅሱ ሰዎች አብዛኞቹ ይህችን አንድ እርምጃ የዘለሉ ናቸው። አልፎ አልፎ ጥፋቱ ዲስኩን ከማዘርቦርዱ ጋር የሚያገናኘው የሳታ ገመድ ይሆናል፤ ገመድ ርካሽ ስለሆነ ቀይሮ ማየት ኪሳራ የለውም።

ዲስክን ከሚጎዱት አንዱ የመብራት መቆራረጥ ነው። ዲቫይደር ከዚህ አያድንም። ስታቢላይዘርም የቮልቴጁን መዋዠቅ ያስተካክላል እንጂ መብራት ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። ሥራ አስቀምጦ በደንቡ ለመዝጋት የሚበቃ ጊዜ የሚሰጠው መብራት ሲጠፋ ማሽኑን በባትሪ የሚያቆየው ዩፒኤስ ነው፣ ባትሪው ካልሞተ።

ባለሙያ ጋር ሲኬድ

ድሬዳዋ በ1895 ዓ.ም. ከምድር ባቡሩ ጋር የተቆረቆረች ከተማ ናት። የባቡሩ ጋራዥ ስንት መካኒክ ያፈራባት ስለሆነች፣ ከፍቶ ማየት የሚወድ እጅ አይታጣባትም። ከዚራም ሆነ ታይዋን ገበያ አካባቢ ለሚገኝ ባለሙያ ማሽኑን ሲሰጡ "ፎርማት አርግልኝ" ከማለት ይልቅ መቼ እንደጀመረው፣ ከዚያ በፊት ምን እንደተደረገና የትኛው ዓምድ እንደሞላ መንገር ይሻላል። ፋይል እንዳይጠፋ አስቀድሞ መናገርም ያስፈልጋል። ጥሩ ባለሙያ ምክንያቱን ሳያሳይ ዕቃ ቀይር አይልም።

ዊንዶውስ 10 ከጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ጀምሮ መደበኛ ድጋፉ ቆሟል። ይህ ለደህንነት ያሳስባል እንጂ ኮምፒውተርን በድንገት አያዘገይም፤ "ዊንዶውሱ ስላረጀ ነው" ከተባሉ ቁጥሩን አሳየኝ ይበሉ። ሁሉም ተፈትሾ፣ ጸድቶ፣ ማሽኑ አሁንም ከከበደ ኤስኤስዲ ወይም ራም መጨመር ይቀራል። ገንዘቡ ለአንዱ ብቻ የሚበቃ ከሆነ፣ በተለመደው የሥራ ቀን ሜሞሪው ሞልቶ የሚውል ማሽን ራም ይገዛለት፤ ሜሞሪው ተርፎ ዲስኩ የሚጨናነቅ ከሆነ ኤስኤስዲ።