በትከሻው ዙሪያ የበረዶ ጌጥ ያለው ሹራብ

በሰሜን አውሮፓ ለብርዱ ወራት ከሚለበሱ የእጅ ሥራ ሹራቦች መካከል ከሩቅ የሚለየው፣ ከአንገት እስከ ትከሻ ያለው ክፍሉ በኅብረ ቀለም ጌጥ የተከበበው ነው። ከዚህ ዓይነቱ በጣም የታወቀው የአይስላንዱ ሎፓፔይሳ ሲሆን፣ የጥንት ቅርስ ቢመስልም የተስፋፋው በ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ነው። የአይስላንድ በጎች ውኃ የሚመክት ረጅምና ሸካራ ጠጉር ከላይ፣ ሙቀት የሚይዝ አጭርና ለስላሳ ጠጉር ደግሞ ከሥር ስላላቸው፣ ሁለቱ ተቀላቅለው ብዙም ሳይከሩ የሚዘጋጁበት ሎፒ የተባለው ክር ለሹራቡ ቅለትንም ሙቀትንም ይሰጠዋል። በስዊድን ኤማ ያኮብሶን እ.ኤ.አ. በ1939 ያቋቋሙት ቡሁስ ስቲክኒንግ የተባለው የሹራብ ሥራ ድርጅት ደግሞ በድንጋይ ጠራቢነት ይተዳደሩ የነበሩና ሥራ ያጡ ቤተሰቦች ሴቶች ገቢ እንዲያገኙ የታሰበ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1969 እስኪዘጋ ድረስ ከቀጫጭን ክሮች የተሠሩ፣ በቀለም አሰካካቸው የረቀቁ ሹራቦችን አቅርቧል።

የክረምቱን ስሜት ከሚሰጡ ጌጦች ቀዳሚው ባለ ስምንት ጫፍ ኮከብ ነው። ይህ ኮከብ ከኖርዌይዋ ሴልቡ የእጅ ጓንት ጋር ስሙ የተያያዘ ሲሆን፣ በዚያ የሁለት ቀለም ጓንት ሥራ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1857 በማሪት ኤምስታድ እንደሆነ ይነገራል። የተፈጥሮ የበረዶ ቅንጣት ስድስት ክንፍ ነው ያለው፤ ሹራብ ግን በአግድምና በቁመት በተደረደሩ ዐይኖች (የክር ቀለበቶች) ስለሚገነባ ስምንት ጫፍ ይቀለዋል፣ ለዚህ ስሕተት የሚከሰው ሰውም አይገኝም። የሹራብ ዐይን ወርዱ ከቁመቱ ስለሚበልጥ፣ እኩል ጎን ባለው ሰንጠረዥ ወረቀት ላይ የተሣለ ኮከብ ሲሠራ ተጨፍልቆ ይታያል፤ ንድፉ ከመጀመሩ በፊት ትንሽ የሙከራ ቁራጭ የሚሠራውም በከፊል በዚህ ምክንያት ነው።

የተለመደው አሠራር ገላውንና ሁለቱን እጅጌዎች ስፌት እንደሌላቸው ቱቦዎች ለየብቻ እስከ ብብት ሠርቶ፣ የብብቱን ዐይኖች ለጊዜው በሌላ ክር ላይ አቆይቶ፣ የቀሩትን በሙሉ በአንድ ረጅም ክብ መርፌ (ሁለት ጫፎቹ በተጣጣፊ ገመድ በተያያዙ የሹራብ መርፌ) ላይ ማገናኘት ነው። ከዚያ በኋላ የሥራው ክብደት ያለው በስሌቱ ላይ ነው። ዙሩ ወደ አንገት በቀረበ ቁጥር መጥበብ ስላለበት፣ ጌጡና ቅነሳው መስማማት ይኖርባቸዋል። የሹራብ ሥራ አስተማሪዋ ኤልዛቤት ዚመርማን ባስፋፉት የመቶኛ ስሌት ለምሳሌ 240 ዐይን ያለው ዙር የትከሻው ቁመት ሲጋመስ በሩብ ተቀንሶ 180፣ ሦስት አራተኛው ላይ ሲደርስ በሲሶ ተቀንሶ 120፣ ወደ አንገቱ ሲቃረብ ደግሞ በ40 በመቶ ተቀንሶ 72 ይሆናል። ስለዚህ በ12 ዐይን የሚደጋገም ትልቅ ኮከብ ከታች በሰፊው ክፍል 20 ጊዜ ይሠራል፤ ከመጀመሪያው ቅነሳ በኋላ የሚከተለው ጌጥ በ9፣ ቀጥሎ ያለው በ6 ዐይን ይደጋገማል። ቅነሳው በአንድ ቀለም ብቻ በሚሠራ ዙር ላይ ሲውል ንድፉን አይሰብርም።

በየዙሩ ሁለት ቀለም ሲሠራ ተራው ያልደረሰው ክር ከኋላ ያልፋል። ይህ ክር ከተወጠረ ጨርቁ ይጨማደዳል፣ ትከሻውም አይለጠጥም፤ ከአምስት ዐይን በላይ የሚያልፍ ከሆነም ጣት እንዳይይዘው መሐል ላይ ከሚሠራው ክር ጋር ይጠላለፋል። ሁለቱ ክሮች ሁልጊዜ አንዱ ከላይ፣ ሌላው ከታች መያዝ አለባቸው፤ ከታች የሚመጣው ቀለም ጎልቶ ስለሚታይ፣ ቦታቸው መሐል ላይ ከተለዋወጠ ኮከቡ በከፊል ደብዝዞ ይቀራል። የኋላው አንገት ከፊተኛው ከፍ እንዲል በጀርባ በኩል ብቻ ጥቂት ተጨማሪ መስመሮች ይሠራሉ፤ ይህ ካልሆነ ሹራቡ ጉሮሮን ይጫናል። ፊቱ የሚከፈት ሹራብ ሲፈለግ እንኳ ሥራው በክብ ተጠናቅቆ መሐል ፊቱ ግራና ቀኝ ከተሰፋ በኋላ በመቀስ ይቆረጣል፤ ሸካራ የሱፍ ክር እርስ በርሱ ስለሚያያዝ የተቆረጠው ጫፍ በቀላሉ አይተረተርም።