«ራቁቱን ለተወለደ ጥብቆ መች አነሰው»

ባለፈው ክረምት ደሴ አክስቴ ቤት ቁም ሳጥን ስናራግፍ ዋልን። ሸዋ በር አካባቢ ነው ቤቷ። የደሴን ክረምት የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ጭጋጉ ቤት ድረስ ይገባል፣ ልብሱ ሁሉ ሻጋታ ሻጋታ ይሸታል። አልጋ ላይ የከመርነውን መቁጠር ጀመርኩ። ጃኬት ብቻ 11! አምስቱ ዚፓቸው አይሠራም። አክስቴ ክምሩን ትንሽ አየችውና ሳቀች።

«ወይ ጉድ! ራቁቱን ለተወለደ ጥብቆ መች አነሰው?»

ጥብቆን የዛሬ ልጆች ላያውቁት ይችላሉ። ድሮ ሕፃን ልጅ የሚለብሰው አጭር ልብስ ነው። ከአቡጀዲ ወይም ካረጀ ሸማ ይሰፋል። ሱሪ የለው፣ ኪስ የለው። ልጁ ያድጋል፣ ጥብቆው ግን አያድግም፤ ብዙም ሳይቆይ ሆዱ ላይ ይጣበቃል። ተረቱ ከልብስ ሁሉ ይችን ጠባቧን የመረጠው ወዶ አይደለም። ካባ ወይም በርኖስ ቢል ኖሮ ጨዋታው ይፈርስ ነበር። «መች» የምትለዋም ቃል ጊዜ አትጠይቅም። «ኧረ በጭራሽ አላነሰውም» ለማለት ነው የገባችው። ባዶውን የመጣ ሰው ጥብቆ ካገኘ አተረፈ ማለት ነው። እኛ ያለንን የምንለካው ከጎረቤት ብፌ ጋር ነው። ተረቱ ደግሞ መለኪያውን ይወስድና አራስ ቤት ያስቀምጠዋል።

(«የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» የሚለው ሌላ ነው። እሱ ስለ መስገብገብ ነው፤ ይኼኛው ስለ መብቃት።)

ብፌ ካልኩ አይቀር፣ የአክስቴ ብፌ ታሪክ አለው። በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ወደ ደሴ ሲቃረብ ብዙ ሰው ከተማውን ለቆ ወጣ። እሷም ወጣች። ምን ይዛ? የቤቱን ካርታ፣ የልጆቿን የትምህርት ማስረጃ፣ አንድ ጋቢ፣ በፌስታል የተቋጠረ በሶ። ለእንግዳ ተብሎ ሃያ ዓመት የተቀመጠው ብርጭቆ እዚያው ቀረ። ስትመለስ ብፌው ባዶውን ጠበቃት። «አንድ ቀን እንኳ ውሃ ሳልጠጣበት!» ትላለች እስካሁን። የሚቆጫት መጥፋቱ አይመስለኝም፤ ሳትጠጣበት መቅረቷ ነው። ብፌው ግን ዛሬ እንደገና ጢም ብሏል። በአዲስ ብርጭቆ። አሁንም የእንግዳ።

ተረቱ ክፉ ፊትም አለው። ሠራተኛ ደመወዝ ይጨመርልኝ ሲል፣ ድሃ ዘመድ አነሰኝ ሲል ይወረወርበታል። «ከየት መጣህና ነው የምታማርጠው?» እንደማለት። እንዲህ ሲባል ደሜ ይፈላል። ሰው ስለራሱ ሲለው ያምርበታል፤ ስለሌላው ሲለው ስስት ነው። በዚያው ዓመት ለተፈናቃይ የተሰበሰበ ልብስ ስንለይ ቁልፉ የረገፈ ሸሚዝ አገኘሁ። የአንድ እግር ጫማም ነበር፣ ያውም ተረከዘ ረጅም። የሰጡት ሰዎች በሆዳቸው ይችኑ ተረት ሳይተርቱ አልቀሩም።

አክስቴ በዚህ ጉዳይ ቀልድ አታውቅም። ዚፓቸው የተበላሸውን አምስት ጃኬቶች «በቃ፣ እነዚህን እንስጣቸዋ» ብላት ገላመጠችኝ። «አንተ፣ የተበላሸ ይሰጣል እንዴ?» ለልብስ ሰፊ ላከቻቸው። ከደህናዎቹ ሁለቱን አስቀርታ ሌሎቹን ለጎረቤት ልጆች «ጀባ!» እያለች አደለች። ጀባ ወሎ ላይ ቡና ሲቀርብ የሚባል ቃል ነው፤ እሷ ግን ለጃኬትም ትጠቀምበታለች።

የቀረው አሮጌ ልብስና ጫማ ነበር። አመሻሽ ላይ ውጭ «ልዋጭ! ልዋጭ!» የሚል ድምፅ ተሰማ። አክስቴ ጠቅልላው ወጣች። ደጅ ላይ ሲከራከሩ ቆዩ። ቁም ሳጥኑ እንዴት እንደቀለለ እያየሁ ስደሰት፣ ሁለት የላስቲክ ሳፋ ታቅፋ ገባች፤ አንዱ ቀይ፣ አንዱ አረንጓዴ። ቤቱ ውስጥ ከዚያ በፊት አራት ሳፋ ነበር። ዝም ብዬ አየኋት።

«ምን ላድርግ፣ ቀለማቸው አማረኝ» አለችና ቁም ሳጥኑ አናት ላይ ሰቀለቻቸው።